ኦርጋን ዝም ሲል

የኦርጋኑ ቧንቧዎች በአሮጌ ብርድ ልብስ እየተጠቀለሉ ከቴአትር ቤቱ የኋላ በር ሲወጡ ቆሜ አየሁ። ትልልቆቹን ለሁለት ይሸከሟቸዋል፤ እርሳስ የሚያካክሉት ትንንሾቹ ደግሞ እንደ ጧፍ በካርቶን ተደርድረው ነበር። ሕንፃው ለቢሮ ተሸጧል፤ ኦርጋኑን ራቅ ካለ ከተማ የመጡ ሰዎች ገዝተውታል። ልጄ ሰብለ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ እንግዲህ ሪታየርድ ሆንሽ ማለት ነው» አለችኝ።

«ጡረታ የወጣስ እሱ ነው። እኔማ ሥራ ፈታሁ» አልኳት።

የጭነት መኪናው በር እስኪዘጋ ድረስ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። የታቦት ሽኝት ይመስል ጀርባዬን መስጠት ከበደኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ታቦት አይደለም፤ ነገር ግን እንጀራዬም ወዳጄም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምንከራየው አዳራሽ እናቶች ተሰብስበን ስንጫወት «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» የማይለኝ አልነበረም። «ድምፅ ለሌለው ፊልም ድምፅ እሰጣለሁ» ስል አንዷ «አሃ፣ አስተርጓሚ ነሽ!» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ለጎረቤቷ «ክሊኒንግ ነው፤ አፍራ ነው እንጂ» ስትል ሰምቻታለሁ። አልተቀየምኳትም፤ ግማሹ እውነት ነው። አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ሌላውን ግማሽ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከአገሬ የወጣሁት አስተማሪ ሆኜ ነው። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አንዲት የውጭ አገር መምህርት የጠዋት መዝሙር የምታጫውተን በእግር በሚረገጥ ሃርሞኒየም ነበር። ከትምህርት በኋላ እንድለማመድበት ፈቀደችልኝ። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ከነቀምት እስከ ደብረ ብርሃን ስመደብ፣ ሃርሞኒየም ባለበት በሃርሞኒየም፣ በሌለበት በጭብጨባ የስንት ሰው ልጅ አዘመርኩ። ሰብለ በሱዳን አድርጋ ካልጋሪ ገባችና ስፖንሰር ሆና ስታስመጣኝ ግን አስተማሪነቴ እዚያው ቀረ። በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ክፍል የሚሰጠኝ ማን ነው?

ስለዚህ ዳውንታውን ካለ አንድ አሮጌ ቴአትር ቤት የጽዳት ሥራ ተቀጠርኩ። ማርቲንዴል ካለው ቤታችን በር በአውቶቡስ እስከ ዋይትሆርን፣ ከዚያ ሲትሬን በሚሉት የከተማ ባቡር ሰባተኛ አቬኑ ድረስ። ክረምት ሲሆን ሕንፃ ከሕንፃ በሚያገናኘው የፕላስ ፊፍቲን ዝግ ድልድይ፣ ቡና በወረቀት ኩባያ ከያዙት የነዳጅ ኩባንያ ሰዎች ጋር እየተጋፋሁ እሄዳለሁ። ክፍያው የጀማሪ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም።

አንድ ጠዋት በወንበሮቹ መካከል ስወለውል አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ኦርጋኑ በቧንቧዎቹ ንፋስ እያስገባ የሚጮህ ነው፤ ሦስት መደዳ የእጅ ቁልፍ አለው፤ ከሥር ለእግር ሌላ መደዳ አለው። ዙሪያውን ደግሞ እንደ ምላስ ወጣ ወጣ ያሉ ባለቀለም መጫኛዎች ተደርድረዋል። አንዱን ምላስ ስትጫኑት ዋሽንት፣ ሌላውን መለከት፣ ሌላውን የፈረስ ኮቴ፣ ሌላውን የወፍ ጩኸት ይሆናል። ሽማግሌው አንዱን ምላስ ሊነኩ ቀኝ እጃቸውን ሲሰዱ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ጎረቤቱን ነካ። በዚያ በለሆሳስ የፍቅር ዜማ መሐል የባቡር ፊሽካ ጮኸ።

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

ዞር አሉ። «ማነው?»

«ይቅርታ ሰር፣ ይቅርታ» አልኩ መወልወያዬን ጨብጬ።

«ተይው። እዚህ ቤት በእኔ የሳቀ ሰው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ነይ እስቲ፣ እጄን እንደምታይው ነው፤ ስነግርሽ ይቺን ሰማያዊዋን ተጫኚልኝ።»

ተጫንኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲደርሱ ሳይነግሩኝ ተጫንኩ። ዜማው ሊታጠፍ መሆኑ ይሰማ ነበርና። መጫወታቸውን ሳያቋርጡ በጎን አዩኝ። «መወልወያውን ከመንገድ ላይ አንሺው፤ ሰው ይጥላል» አሉኝ። የቅጥር ቃለ መጠይቄ ይኼው ነበር።

እኒህ ሰው ሚስተር ዊልፍሬድ ናቸው፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ገና ጢማቸው ሳያቆጠቁጥ፣ ፊልም መናገር ባልጀመረበት ዘመን፣ እዚያው ቤት ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። «ፊልሙ መናገር ሲጀምር እኔ ዝም አልኩ» ይሉ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የድሮ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ስለተሰባሰቡ ቴአትር ቤቱ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድምፅ አልባ ፊልም ማሳየት ሲጀምር፣ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ወጡ። ያ ወንበር በኋላ የእኔ ሆነ፤ እስኪሆን ግን ብዙ ወራት ከጎናቸው ቆሜ ምላስ ስጫን ኖርኩ። ስሜ አልሆንላቸው ሲል «ሚስስ ቲ» አሉኝ፤ በዚያው ጸና።

እግሬን ማስተማር ሲጀምሩ ሶሉ የሳሳ ጫማ ገዝተው አመጡልኝ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ቁጭ አልኩ።

«ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ እንዴ?»

«አይደለም ሰር፤ እግሬ የሚረግጠውን ይወቀው ብዬ ነው።»

ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ጫማ ይፈቱ ጀመር። በካልሲያቸው ሞከሩት። «አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ይኼን የነገረኝ ሰው ቢኖር!» አሉ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ሰፍቼ መለስኩላቸው።

ደንባቸው ጥቂት ነበር፤ ያልጠበቀ ግን ወዮለት። ዓይን ከሥዕሉ አይነሣም፤ እጅ አይታይም። «ከሥዕሉ አትቅደሚ» ይሉኛል፣ «ሰውዬው ሳይሞት አትቅበሪው።» ፊልሙ ሲጀምር ሚንት ከረሜላ ጉንጫቸው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከረሜላው ሲያልቅ የፊልሙ ጥቅል ሊቀየር መድረሱን ያውቃሉ። ሰዓት አያዩም። ለተመልካቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ስሜቱን በሳሉ ያውቁታል። «ሰው ሲሰለቸው ይስላል፣ ሚስስ ቲ። ጉሮሮውን አሞት አይደለም። ልቡ ጥሎሽ ሄዷል ማለት ነው።»

የሚገርመው የመጨረሻው ልማዳቸው ነው። ፊልሙ አልቆ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምድር ቤት ያለውን ንፋስ ሰጪ ሞተር ከላይ ሆነው ያጠፉትና ቶሎ አይነሡም። መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በኦርጋኑ ሆድ የቀረው ንፋስ ቀስ እያለ፣ እፍፍ እያለ ይወጣል። «ደክሞታል፤ ይተንፍስ» ይላሉ። ያ ትንፋሽ እስኪያልቅ አናወራም ነበር።

የካልጋሪ ሰው የሚያውቀው ቺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ አለ። በብርዱ መሐል በምዕራብ ሰማይ ላይ ቅስት ሠርቶ ይመጣና በረዶውን በአንድ ቀን ውኃ ያደርገዋል። ለሰው ደስታ ነው፤ ለኦርጋን መከራ። ሙቀቱ ሲጨምር የቧንቧዎቹ ድምፅ ሽቅብ ይወጣል፤ መለከቶቹ ግን እኩል አይከተሉም፤ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ይለያያሉ። ሚስተር ዊልፍሬድ ጠዋት ደውለው «ሚስስ ቲ፣ ቅስቱን አየሽው?» ካሉኝ የዚያን ቀን መለከት አይነካም ማለት ነው። በዋሽንትና በለስላሳዎቹ ብቻ ፊልሙን እንጨርሳለን።

የንስሐ አባቴንም ሳልጠይቅ አልቀረሁም።

«አባ፣ ሲኒማ ቤት ኦርጋን ልጫወት ነው።»

«ምን ዓይነት ሲኒማ?» አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው።

«የድሮ። ድምፅ የለውም። ሰዎቹ ሁሉ ዲዳ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሞተዋል።»

«ዲዳም ሙትም ከሆኑ ምን ክፉ ይናገራሉ ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉና «በዐቢይ ጾም ግን እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

ይህንን ለሚስተር ዊልፍሬድ በፍርሃት ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ወደ ማናጀሩ ወደ ስቲቭ ቢሮ ሄዱና «ሚስስ ቲ ጾም ላይ ስለምትሆን ኦርጋኑም ይጾማል» አሉት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጾሙ ወራት ቧንቧ የምንጠርግበትና የተቀደደ ቆዳ የምንለጥፍበት ሆነ።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ልምጣ።

የሚስተር ዊልፍሬድ እጅ እየባሰበት ሄዶ አንድ የክረምት እሑድ «ዛሬ አንቺ ነሽ» አሉኝና መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ከእሳቸው ጋር ለልምምድ ያየሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር፤ የቀረው ጥቅል ዘግይቶ ገና በዋዜማው ነው የደረሰው። «ሥዕሉን ተከተይ እንጂ ምን ቸገረሽ» ብለውኛል። ደህና ሄድኩ። ልጆቹ ሲሯሯጡ ሰው ሳቀ፤ በሬው አጥሩን ጥሶ ሲወጣ አጨበጨቡ። ከዚያ እናትየዋ ታመመች፤ ሞተች። ሬሳ ሣጥኑ በበረዶው ላይ በጋሪ ሲወጣ፣ ባልየው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱ ሸራውን ሲሞላው፣ እጄ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ።

እኔ አላነሣሁትም። ራሱ ተነሣ። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ ይዘጋል። ሠርግ ያለበት እንኳ ቢሆን ከበሮው ይቆማል። እጄ የሚያውቀው ይኼን ነው። ሁለቱን መዳፎቼን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ተቀመጥኩ። ሥዕሉ በዝምታ ያልፋል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ሌላ። ከኋላ አንዱ «ኦርጋኑ ሞተ?» ሲል ሳቅ ሆነ። ያ ሳቅ በቀብሩ ላይ ሲወርድ ጀርባዬን እንደ ጅራፍ ገረፈኝ። ልመለስ ብዬ ቁልፎቹን ባያቸው አንዱም አልታወቀኝ አለ። ፊልሙ ቆመ፤ መብራት በራ፤ ስቲቭ ወጥቶ «ቴክኒካል ፕሮብሌም» ብሎ ሰዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ በጎን በር ወደ ምድር ቤት ወረድኩና ከሞተሩ አጠገብ ባለ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሚስተር ዊልፍሬድ ደረጃውን በግድግዳው እየተደገፉ ወረዱ። ቁጣቸውን ጠበቅኩ።

«እጅሽን አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«ሴትየዋ ሞተች ሰር። ሰው ሲሞት እኛ ዘንድ ሙዚቃ አይነካም።»

አጠገቤ ሌላ ሣጥን ስበው ተቀመጡ። ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል። «በእናንተ አገር ሰው ሲሞት ታዲያ ምን ይሰማል?» አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ስለነበረችው አክስቴ፣ ስለ እትዬ ዘነቡ፣ ነገርኳቸው። አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ቤት ገብታ መሐል ትቆምና ዙሪያውን የለቀስተኛውን ፊት ታያለች። ወንድምየው ዕንባው ከደረቀ ስለ ወንድም ግጥም ታወጣለች፤ ምራትየዋ ከተደበቀች ስለ ምራት። የሚያለቅሰው በዛ ሲል ዝቅ ታደርጋለች። ሰዉ ልቡ እስኪቀልለው ድረስ ሙሾ ታወርድለታለች። ቃሏን አስቀድማ አታዘጋጅም፤ ከፊታቸው ላይ ነው የምታነብበው።

ሚስተር ዊልፍሬድ ዓይናቸው በራ። «እሷ እኮ ኦርጋኒስት ናት!» አሉ። «እስቲ አሰሚኝ። ከዜማዋ ትንሽ።»

«አይሆንም!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው።»

«የፊልሟ ሴትዮ ሞታለች።»

«እሷ የውሸት ነው የሞተችው ሰር። የውሸት ሞት ላይ እውነተኛ ሙሾ ካወረዱ እውነተኛውን ይጠራል።»

ሳቁ፤ በእኔ ግን አልነበረም የሳቁት። «ይሁን። እንግዲያው ያንን ለእኔ አስቀምጪው።»

«ክፉ አይንካዎት!»

«ቢነካኝም ባይነካኝም ሰማንያን አልፌያለሁ። ቃል ግቢልኝ፣ ሚስስ ቲ። በባቡር ቤቱ ሰዎች መዝሙር እንዳልሸኝ።»

ዕንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ «እሺ» አልኳቸው።

ይህን ስናወራ ስቲቭ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ትኬት እየመለሰ ስለሄደበት ግን ደንግጧል። ያው ፊልም በሚቀጥለው ወር እንደገና እንደሚታይ ነገረንና «ዊልፍ፣ ወይ አንተ ትጫወታለህ፣ ወይ የተቀዳ ቴፕ እናደርጋለን። ሚስስ ቲ፣ ምንም ፐርሰናል አይደለም» አለ።

ሚስተር ዊልፍሬድ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አሳዩት። «እኔ አልችልም። ቴፕ ከገባ ደግሞ ኦርጋኑ ሞተ። አንድ ጊዜ ስጣት።»

ያን ወር ሙሉ በዚያች በቀብሯ ቦታ ላይ ብቻ ሠራን። ዜማ ሊሰጡኝ ሲሞክሩ እጄ እምቢ አለ። ብዙ ከታገልን በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምላስ አጠፉና ለእግር አንዱን፣ ወፍራሙንና ለስላሳውን የእንጨት ቧንቧ ብቻ አስቀሩ። ቧንቧዎቹ ያሉበት ክፍል ድምፅ የሚያሳንስ መዝጊያ አለው፤ እሱን በቀኝ እግሬ ከሞላ ጎደል አዘጉኝ። «አሁን ዝቅተኛዋን ቁልፍ ርገጪና አትልቀቂ። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፤ እንደ አገርሽ።»

ረገጥኩ። ድምፅ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከወለሉ ተነሥቶ በካልሲዬ በኩል ወደ አጥንቴ ገባ። አያቴ በጾም ይደረድሩት የነበረ በገና፣ ወፍራሙ አውታር፣ ትዝ አለኝ።

«ይኼውልሽ» አሉኝ። «በኦርጋን ዝም የሚባለው እንዲህ ነው። እጅሽን ካነሣሽ ጥለሻቸው ሄድሽ ማለት ነው። ይኼን ከያዝሽላቸው ግን አብረሻቸው ተቀምጠሻል።»

በቀጠሮው እሑድ ሣጥኑ በበረዶው ላይ ሲወጣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ያችን አንዲት ድምፅ ያዝኩ። ባልየው ኮፍያውን አወለቀ። ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ፤ የሳለ የለም። ከመጀመሪያው ረድፍ የሚንት ከረሜላ በጥርስ ሲሰበር ብቻ ሰማሁ። ሚስተር ዊልፍሬድ ከረሜላቸውን ሲያኝኩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው። ቴፑ አልገባም፤ ወንበሩ የእኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጫወትኩ። በአካባቢው ትንንሽ ከተሞች ግማሽ ጥርሱ በወለቀ ፒያኖ ያጫወትኩበት ጊዜ አለ፤ ብርዱ ጣት ያደነዘዘበት፣ ፊልሙ ተቃጥሎ በግምት የጨረስኩበት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሚስተር ዊልፍሬድ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበሩ። ከዚያ አንድ የዐቢይ ጾም ሰሞን፣ ኦርጋኑ ጾም ላይ እያለ፣ የእህታቸው ልጅ ደወለችልኝ። ተኝተው አልነቁም።

መታሰቢያው በቴአትር ቤቱ እንዲሆን፣ ሚስስ ቲ እንድትጫወት ብለው ነግረዋት ኖሯል። «የገባሽለት ቃል እንዳለ ነግሮኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም» አለችኝ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ጾም ነው፣ ቦታው ሲኒማ ቤት ነው፣ የምጫወተው ሙሾ ነው፤ ሦስቱንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ መስቀላቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

«ቃል ገብተሽለት ነበር?»

«አዎ አባ።»

«በጾም ብዙ ነገር ይከለከላል፣ ልጄ። ቃል ማጠፍ ግን በጾምም በፍስክም አይፈቀድም። ሂጂ። ተስፋ የሚያስቆርጠውን ትተሽ የሚያጽናናውን አድርጊው።»

የመታሰቢያው ዕለት ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ሸራው ባዶ ነበር። ሁልጊዜ ዓይኔን የማሳርፍበት ሥዕል የለም። ግራ ሲገባኝ ኦርጋኑ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ትዝ አለችኝ፤ ሚስተር ዊልፍሬድ የስቲቭን ምልክት የሚያዩባት ነበረች። አዘነበልኳት። የሰው ፊት ሞላባት። የእህታቸው ልጅ ከንፈሯን ነክሳለች። ስቲቭ ጣሪያውን ያያል። በጥግ በኩል ሰብለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች፤ እንደምትመጣ አልነገረችኝም ነበር።

የእትዬ ዘነቡን ዜማ በዋሽንቱ ጀመርኩት። ቃል የለውም፤ ቃሉን እኔ በልቤ አልኩት። የእህታቸው ልጅ ፊት ላይ ዕንባው እምቢ ሲል ዜማውን ወደ እሷ ዞር አደረግኩ፤ ወረደላት። ስቲቭ ዓይኑን ሲጠርግ አለፍኩት፤ እሱ በራሱ ይበቃዋል። ሰብለ ያን ዜማ ከሕፃንነቷ ወዲህ ሰምታው አታውቅም፤ ግን ገና ሲነሣ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች። ሲበዛባቸው ዝቅ አደረግኩላቸው። መጨረሻ ላይ ምላሶቹን አንድ በአንድ አጥፍቼ ያችን ወፍራም የእንጨት ቧንቧ ብቻ አስቀረሁ፤ ረገጥኳትና እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ከዚያ እግሬን ሳላነሣ ሞተሩን አጠፋሁት። ንፋሱ እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሳሳ፤ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ ትንፋሹም አለቀ። መዳፌን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ።

ማንም አልሳለም።